“አኩ-አኩ”፦ ጠይቆ ያላደመጠ መጽሐፍ

የመጽሐፉ ርእስ፦ አኩ-አኩ፦ የኢስተር ደሴት ምስጢር
ደራሲ፦ ቶር ሄየርዳል
የመጀመሪያ እትም፦ በኖርዌይኛ፣ 1957 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ ባዳ አይደለም። በ1969 አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊሻገርባት የተነሣባት “ራ” የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና ሐይቅ ተቆርጦ ወደ ግብፅ በተጓጓዘ ደንገል ነበር። የጣናን ታንኳዎችም እዚያው ድረስ መጥቶ ተመልክቷል። ጣናን ከማየቱ ከአሥር ዓመታት በላይ አስቀድሞ ግን ስሙን ከሌላ ሩቅ ቦታ ጋር አቆራኝቶ ነበር። ከቺሊ ጠረፍ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘው፣ ነዋሪዎቿ ራፓ ኑይ የሚሏት፣ ዓለም ደግሞ ኢስተር ደሴት ብሎ የሚያውቃት ምድር ናት። በ1955 እና በ1956 ከአርኪዮሎጂስቶች ቡድን ጋር እዚያ ከርሞ የጻፈው “አኩ-አኩ” በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ሚሊዮኖች አንብበውታል። የፖሊኔዢያ ቅዱሳን የድንጋይ ሥፍራዎችን ለማየት የሚነሣ መንገደኛ ዛሬም ከሚያነባቸው መጻሕፍት አንዱ ነው።

ይህን መጽሐፍ ዛሬ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ከፍ የሚያደርገውም ዝቅ የሚያደርገውም አንድ ጉዳይ ነው። ሄየርዳል የደሴቲቱን ሰዎች ጠይቋል፤ መልሳቸውን ያመነው ግን አንዳንዴ ብቻ ነው። ባመነበት ቦታ ከእርሱ በፊት የሄዱት ተመራማሪዎች ያልደረሱበት ደርሷል። ባላመነበት ቦታ ደግሞ መላ ሕዝብን ከአባቶቹ ሥራ የሚለይ ታሪክ ጽፏል።

የጉዞው ታሪክ

መጽሐፉ በአንደኛ መደብ የተተረከ የጉዞ ታሪክ ነው። ሄየርዳል አሳ ማጥመጃ የነበረች መርከብ አዘጋጅቶ፣ ቤተሰቡንና አምስት አርኪዮሎጂስቶችን አሳፍሮ ይነሣል። ከአምስቱ ኤድዊን ፈርደን፣ ዊሊያም ሙሎይና ካርላይል ስሚዝ አሜሪካውያን ናቸው፤ አርነ ሾልስቮልድ ኖርዌያዊ፣ ጎንዛሎ ፊጌሮአ ደግሞ ቺሊያዊ። ድንኳናቸውን የተከሉት በአናኬና የባሕር ዳርቻ ነው። በራፓ ኑይ ትውፊት የመጀመሪያው ንጉሥ ሆቱ ማቱአ ከነተከታዮቹ የወረደው በዚሁ ዳርቻ ነው። ጉዞው ከራፓ ኑይ በኋላ ወደ ፒትኬርን፣ ወደ ራፓ ኢቲና ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ይቀጥላል፤ ሆኖም የመጽሐፉ ልብ ራፓ ኑይ ላይ ነው።

የሄየርዳል የትረካ ችሎታ የሚካድ አይደለም። የራኖ ራራኩን የድንጋይ ማውጫ ሲገልጽ፣ ከእሳተ ገሞራው ወገብ ተፈልፍለው ሳይጨርሱ የቀሩትን ግዙፍ ሐውልቶች ሲያስቆጥረን፣ ጠራቢዎቹ ጥለዋቸው የሄዱትን የባዝልት መጥረቢያዎች ከመሬት ሲያነሣ አንባቢው አብሮት ይጓዛል። የሰው ጠባይ አሳሳሉም የበሰለ ነው። ከ1935 ጀምሮ በደሴቲቱ የኖሩት ጀርመናዊው ካህን አባ ሴባስቲያን ኢንግለርት በዚህ መጽሐፍ የደሴቲቱን ቋንቋና ትውፊት ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በሕዝቡ የተከበሩ ሰው ሆነው ሕያው ሆነዋል። ከንቲባው ፔድሮ አታን ደግሞ ብልኅ፣ ኩሩና ቀልጣፋ ሰው ሆኖ ከፊታችን ይቆማል።

አሁ ምንድን ነው?

ዓለም ስለ ኢስተር ደሴት ሲናገር የሚያነሣው ሞአይ የሚባሉትን ሐውልቶች ነው። ዘጠኝ መቶ የሚያህሉ ሞአዮች ተቆጥረዋል። በቦታው ላይ ግን ዋናው ቅዱስ ሥፍራ ሞአዩ ራሱ ሳይሆን የቆመበት “አሁ” የተባለው መሠዊያ ነው። አሁ በአብዛኛው የባሕሩን ዳር ተከትሎ የተዘረጋ የድንጋይ መደብ ነው። በባሕር በኩል ያለው ፊቱ በተገጣጠሙ ትላልቅ ድንጋዮች የታነጸ ግንብ ነው፤ ውስጡ በኮረትና በአፈር ተሞልቷል፤ በየብስ በኩል በባሕር ውኃ የተድበለበሉ ድንጋዮች የተነጠፉበት ተዳፋት አለው። ከፊቱ የተደለደለ ሜዳ ይዘረጋል። በብዙዎቹ ጀርባ የሙታን አስከሬን የሚቃጠልባቸው ቦታዎች ተገኝተዋል፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ አሁው ራሱ መቃብር ሆኗል። ሞአዮቹ የትልልቅ አባቶች ምስሎች ናቸው፤ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ዘሮቻቸው መንደር ያዞራሉ።

ሄየርዳል ሲደርስ በአሁ ላይ የቆመ አንድም ሞአይ አልነበረም። ሁሉም ቀድሞ ወድቀዋል፤ አብዛኞቹም በግንባራቸው ተደፍተዋል። “አኩ-አኩ” ይህን የፈራረሰ ገጽታ በደንብ ያሳያል። አሁው ለራፓ ኑይ ሰው ምን እንደሆነ የሚናገሩት ገጾች ግን ጥቂት ናቸው። ደራሲው ድንጋዩን በአድናቆት ይለካል፣ ግንቡን ያነጻጽራል፣ የቁፋሮውን ውጤት ይዘረዝራል፤ መሠዊያው የየትኛው ጎሣ እንደነበረ፣ በሜዳው ላይ ምን ይደረግ እንደነበረ፣ ዘሮቹ ዛሬ በፊቱ ሲያልፉ ምን እንደሚሰማቸው ለማስረዳት ግን እምብዛም አይቆምም። ሥፍራው በመጀመሪያ የአምልኮና የዘመድ ሥፍራ ነው፤ መጽሐፉ ግን ከሁሉ በፊት እንቆቅልሽ አድርጎ ያቀርብልናል።

ያደመጠበት ቦታ

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል በአናኬና ሞአይ የተነሣበት ታሪክ ነው። ሄየርዳል የጥንት ሰዎች እነዚያን ግዙፍ ሐውልቶች እንዴት እንዳቆሟቸው ከንቲባውን ይጠይቀዋል። ፔድሮ አታን ዘዴውን ከአያቶቹ እንደተማረ ይናገራል፤ እስከዚያ ድረስ ለምን ለማንም እንዳልነገረ ሲጠየቅም ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ይመልሳል። ከዚያ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ይዞ፣ በእንጨት እያነቃነቀና ከሐውልቱ ሥር ድንጋይ እየጎሰጎሰ፣ ከ20 ቶን በላይ የሚመዝነውን ሞአይ ቀስ በቀስ ከመሬት ያነሣዋል። ሥራው 18 ቀናት ፈጀ። ተደፍቶ የኖረው ሐውልት ከረጅም ዘመን በኋላ በመሠዊያው ላይ ቆመ፤ በዘመናችን ወደ አሁው የተመለሰ የመጀመሪያው ሞአይም እርሱ ሆነ።

ይህ ክፍል ትልቅ ነገር ያስተምራል። ከሄየርዳል በፊት ስለ ደሴቲቱ የጻፉ ብዙዎች፣ በዚያ ያገኟቸው ሰዎች ስለ አባቶቻቸው ሥራ የሚነግሩት እንደሌላቸው ቆጥረው አልፈዋል። ሄየርዳል ጠየቀ፣ ለሠራተኞቹ የሚያስፈልጋቸውን አቀረበ፣ ከዚያም ቆሞ ተመለከተ። በራኖ ራራኩ ስድስት ሰዎች ለሦስት ቀናት በድንጋይ መጥረቢያ ዓለቱን ሲጠርቡ ያሳየበት ሙከራም ከዚሁ መንፈስ የመጣ ነው። ሐውልቶቹን ለመሥራት ከሰው ችሎታ ውጭ የሆነ ምንም ምስጢር እንደማያስፈልግ እነዚህ ገጾች በተግባር አረጋግጠዋል።

ቁፋሮውም ዋጋ አለው። እስከ አንገታቸው የተቀበሩት የራኖ ራራኩ ራሶች ሙሉ አካል እንዳላቸው ለዓለም ሕዝብ በሰፊው ያስተዋወቀው ይህ ጉዞ ነው። ቱኩቱሪ የተባለውን ተንበርካኪ ሐውልትም ቡድኑ ቆፍሮ አውጥቷል። የደሴቲቱ ዘመናዊ የአርኪዮሎጂ ጥናት በብዙ መልኩ ከዚህ ጉዞ ይጀምራል። ሙሎይ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ እየተመለሰ በ1960 ከፊጌሮአ ጋር የአሁ አኪቪን ሰባት ሞአዮች አቁሟል፤ ሲሞትም ዐፅሙ በዚያችው ደሴት አርፏል።

ሰምቶ ያለፈበት ቦታ

የደሴቲቱ ሰዎች ሐውልቶቹ ከራኖ ራራኩ እስከየመሠዊያው እንዴት እንደደረሱ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፦ ሞአዮቹ ራሳቸው ተራምደው ሄዱ። ሄየርዳል ይህን መልስ ጽፎ አስቀምጦታል፤ ግን እንደ ተረት አለፈው። በምትኩ 180 ያህል ሰዎች አሰልፎ አንድ ሐውልት በገመድ አስጎተተ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ ቼኩ መሐንዲስ ፓቬል ፓቬል ከሄየርዳል ጋር ወደ ደሴቲቱ ሄዶ አንድን ሞአይ ቀጥ እንዳለ፣ በገመድ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ማስኬድ እንደሚቻል አሳየ። በ2012 ደግሞ ቴሪ ሃንትና ካርል ሊፖ ከአራት ቶን በላይ የሚመዝን አምሳያ ሠርተው በ18 ሰዎች ብቻ አራመዱት። ምሁራን ስለ ዘዴው ዛሬም ይከራከራሉ፤ የትውፊቱ መልስ ግን በተግባር ሊፈተን የሚገባው ቁም ነገር እንደነበረ ከእንግዲህ አያጠራጥርም። ሄየርዳል ይህን መልስ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ በእጁ ይዞት ነበር።

ከዚህ የከበደው ስሕተት ስለ ሕዝቡ አመጣጥ የጻፈው ነው። የራፓ ኑይ ትውፊት ሆቱ ማቱአ ሂቫ ከምትባል ምድር በታንኳ እንደመጣ ይናገራል፤ ቋንቋቸውም የፖሊኔዢያ ቋንቋ ነው። ሄየርዳል ግን ደሴቲቱን መጀመሪያ ያቀኗትና ታላላቆቹን ግንቦች ያነጹት ከፔሩ የመጡ ሌሎች ሰዎች እንደሆኑ፣ ፖሊኔዢያውያኑ በኋላ እንደደረሱ ሊያሳምነን ይጥራል። ዋና ማስረጃው በቪናፑ ያለው አሁ ነው። የዚያ መሠዊያ ድንጋዮች እጅግ አምረው የተገጣጠሙ ስለሆኑ ከኢንካ ግንቦች ጋር አመሳሰላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሥራ ናቸውም አለ።

ማስረጃው ግን አይጸናም። የኢንካ ግንብ ከወፋፍራም ድንጋዮች የተሠራ ሙሉ ግንብ ነው፤ የቪናፑ ግን በኮረት የተሞላ መደብ ፊቱ ላይ በድንጋይ ሰሌዳ የተለበጠ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ያ ያማረ ግንብ ከመጀመሪያዎቹ ሳይሆን ከኋለኞቹ ሥራዎች እንደሆነ አመልክተዋል። ማለትም ጥበቡ እዚያው ደሴቲቱ ላይ እያደገ መጥቶ ነው የዚያን ያህል የረቀቀው።

ከሁሉ በላይ ግን ሄየርዳል ዓይኑን ወደ ምሥራቅ ብቻ አቅንቶ በምዕራብ በኩል ያለውን ዘመድ አሳንሶ አየ። በሶሳይቲ ደሴቶች ማራኤ የሚባሉ ቅዱሳን ሥፍራዎች አሉ፤ የተነጠፈ አደባባይ፣ የቆሙ ድንጋዮች፣ በአደባባዩ ጫፍም ከፍ ያለ መሠዊያ አላቸው። ያ መሠዊያ የሚጠራውም አሁ ተብሎ ነው። በራያቴያ ደሴት የሚገኘው ታፑታፑአቴያ ለኦሮ አምላክ የተሰጠ፣ ከሩቅ ደሴቶች በታንኳ የሚመጡ አለቆችና ካህናት የሚገናኙበት ታላቅ ማራኤ ነበር፤ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ካፒቴን ኩክ በ1769 በታሂቲ ያየው የማሃያቴያ ማራኤም አሥራ አንድ ደረጃ ያለው ግዙፍ የድንጋይ ሥራ ነበር። ድንጋይ አንጥፎ፣ መደብ ሠርቶ፣ አባቶችንና አማልክትን በዚያ ማክበር የፖሊኔዢያውያን የራሳቸው ባህል ነው። የራፓ ኑይ አሁ ከዚህ ቤተሰብ የተወለደ ሆኖ በደሴቲቱ ሰዎች እጅ የራሱን ልዩ መልክ ያዘ።

መርከበኝነቱም ቢሆን በተግባር ተፈትኗል። በጥንቱ ንድፍ የተሠራችው የሃዋይ ታንኳ ሆኩሌአ በ1976 ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ታሂቲ ደረሰች፤ በ1999 ደግሞ ከምዕራብ ተነሥታ ራፓ ኑይን አገኘች። ከዚያ በፊት፣ በ1995፣ ከልዩ ልዩ ደሴቶች የመጡ ታንኳዎች በታፑታፑአቴያ ተሰብስበው የአባቶቻቸውን ጥንታዊ ግንኙነት አድሰው ነበር።

ለሄየርዳል ፍትሕ መስጠት ይገባል። በሁለቱ ዓለማት መካከል ግንኙነት ነበር ማለቱ ስሕተት አልነበረም። የአሜሪካ ተክል የሆነው ስኳር ድንች አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት በፖሊኔዢያ ይበቅል ነበር። በ2024 “ኔቸር” በተባለው መጽሔት የወጣ የጥንት ዘረመል ጥናትም የራፓ ኑይ ሰዎች ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ጋር ከ1250 እስከ 1430 ባለው ዘመን እንደተቀላቀሉ አመልክቷል። ነገር ግን የአሜሪካው ድርሻ ከዘረመላቸው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ የቀረው ፖሊኔዢያዊ ነው። ግንኙነቱ ነበረ፤ የሐውልቶቹና የመሠዊያዎቹ ባለቤቶች ግን የዛሬዎቹ ነዋሪዎች አባቶች ናቸው። ሄየርዳል ከጠየቃቸው ሰዎች የሰማውም ይኸው ነበር።

የዋሻዎቹ ጉዳይ

መጽሐፉ ስሙን ያገኘው የደሴቲቱ ሰዎች ቤተሰባቸውንና ዋሻቸውን ይጠብቃሉ ብለው ከሚያምኑባቸው መናፍስት ነው። ሰፊው ክፍልም ስለ ምስጢራዊ የቤተሰብ ዋሻዎች ይተርካል። ሄየርዳል ራሱ ኃይለኛ አኩ-አኩ እንዳለው ሰዎቹ እንዲያምኑ ያደርጋል፤ በሌሊት በሚደረግ ሥርዓት የተጠበሰ ዶሮ በልቶ ወደ ዋሻ ይገባል፤ በሲጋራ፣ በጨርቅና በምግብ ልውውጥ ብዙ የድንጋይ ቅርጻ ቅርጾችን ይሰበስባል። ደራሲው ይህን ሁሉ እንደ ጀብዱ ይተርከዋል። በኋላ የመጡ ምሁራን ከቅርጻ ቅርጾቹ ብዙዎቹ ለሽያጭ አዲስ የተሠሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእድሜያቸው ይልቅ የተገኙበት መንገድ ነው። የሰውን እምነት መሣሪያ አድርጎ የተቀደሰ ቦታ ውስጥ መግባት፣ ያን ሰው ከራሱ ጋር እኩል አድርጎ የሚያይ ሰው ሥራ አይደለም። አባቶቻችን “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ያሉት ለዚህ ነው።

ሕዝቡ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደተቀበለው ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1862 እና በ1863 የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች ብዙ ሰዎችን ከደሴቲቱ አጋዙ፤ ከእነርሱም መካከል ትውፊቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። በሽታ ተጨምሮበት በ1877 የቀሩት 111 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቺሊ ደሴቲቱን በ1888 ከያዘች በኋላ አብዛኛው መሬት ለበግ እርባታ ተከራየ፤ ነዋሪው በሃንጋ ሮአ መንደር ተወሰነ። ሙሉ የዜግነት መብት ያገኙት በ1966 ነው፤ ማለትም ሄየርዳል ከሄደ ከአሥር ዓመት በኋላ። በእንዲህ ያለ ችግር ለሚኖር ሰው ሲጋራና ጨርቅ ምን ያህል እንደሚያማልል ግልጽ ነው። መጽሐፉ ለዚህ ታሪክ የሚገባውን ቦታ አይሰጥም፤ ከዚያም የተነሣ ደሴተኞቹ አንዳንዴ ተንኮለኞች፣ አንዳንዴም የዋሆች ሆነው ይታያሉ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ሆዋ ሃካናናይአ የተባለው ሞአይ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጭኖ ከራፓ ኑይ የተወሰደው በ1868 ነው፤ የመቅደላ ቅርሶችና ታቦታት የተዘረፉትም በዚያው ዓመት ነው። ሞአዩም፣ ከመቅደላ ከተወሰዱት ታቦታት ብዙዎቹም ዛሬ ያሉት በአንድ ቦታ፣ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ከሄየርዳል ጋር ወደ ኖርዌይ የሄዱትን ቅርሶችና ዐፅሞች በተመለከተ መልካም ነገር ተጀምሯል። ስብስቡን የያዘው በኦስሎ የሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም በ2019 ለመመለስ ተስማምቷል፤ በ2024 ደግሞ የራፓ ኑይ ልዑካን ወደ ኦስሎ ሄደው የአባቶቻቸውን ዐፅም ተረክበዋል።

ከመጽሐፉ በኋላ

ዛሬ ወደ እነዚህ መሠዊያዎች የሚሄድ ሰው ሄየርዳል ያላየውን ያያል። በ1960 በሱናሚ የተበታተኑት የአሁ ቶንጋሪኪ አሥራ አምስት ሞአዮች በ1990ዎቹ ተመልሰው ቆመዋል። በአናኬና የአሁ ናው ናው ሐውልቶች በራፓ ኑያዊው አርኪዮሎጂስት ሰርጂዮ ራፑ መሪነት ታድሰዋል፤ በዚያው ሥራ በ1978 ራፓ ኑያዊቷ ሶኒያ ሃዋ ከኮራል የተሠራ የሞአይ ዓይን አግኝታለች። ሞአዮቹ በመሠዊያቸው ላይ ከቆሙ በኋላ ዓይን ይገባላቸው እንደነበረ የታወቀው በዚህ ነው። የብሔራዊ ፓርኩን አስተዳደርም ከ2017 ጀምሮ ማኡ ሄኑአ የተባለው የተወላጆች ተቋም ይዞታል። በአሁ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ጎብኚም በተፈቀዱት መንገዶች ይሄዳል። አንዳንድ መንገደኞች ይህን ደንብ ሲያማርሩ ይሰማል፤ ቅሬታቸው አያሳምንም። የአባት መቃብር የሆነ መሠዊያ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት የማንም መብት አይደለም።

ፍርድ

“አኩ-አኩ” መነበብ ያለበት መጽሐፍ ነው። ስለ ሐውልቱ መነሣት፣ ስለ ጠረባውና ስለ ቁፋሮው የጻፋቸው ምዕራፎች ዛሬም አልደበዘዙም። ስለ ሕዝቡ አመጣጥ የሚናገሩት ምዕራፎች ግን በማስረጃ ወድቀዋል፤ የዋሻዎቹ ምዕራፎች ደግሞ በሥነ ምግባር አይመሰገኑም። ስለዚህ መጽሐፉ ብቻውን መነበብ የለበትም። ያነበበው ሰው ከእርሱ በኋላ የተሠሩትን ጥናቶች፣ ይልቁንም የራፓ ኑይ ተወላጆችን ሥራ፣ አጠገቡ ማስቀመጥ አለበት።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለእኛም የቀረበ ነው። ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ውስጥ የአውሮፓ ቴምፕላር ባላባቶች እጅ ሊኖርበት እንደሚችል ጽፏል። የሄየርዳል ፔሩውያንና የሃንኮክ ባላባቶች ከአንድ ሐሳብ የመጡ ናቸው፤ ታላቅ ሥራ ባየ ቁጥር ሠሪውን ከሌላ አገር የመፈለግ ሐሳብ። በራፓ ኑይም ሆነ በላሊበላ ቅዱስ ድንጋይ ፊት የሚቆም ጸሐፊ መጀመሪያ የአገሩን ሰው ይጠይቅ፤ ከጠየቀ በኋላም መልሱን ከራሱ ግምት እኩል አድርጎ ይመርምረው።